የኮርስ ሳይክል ጎማ በአዲስ አበባ፦ ስለ ጥንካሬውና ስለ መበሳቱ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

መሀል ከተማ ውስጥ ኮርስ ሳይክል የሚነዱ ሰዎች ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው፤ ከቀላሉ እንጀምራለን።

ጎማዬ ቶሎ ቶሎ የሚተነፍሰው ለምንድን ነው?

ብዙ ሰው «ጎማው ስስ ስለሆነ ነው» ይላል። አንዳንዴ እውነት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ግን ምክንያቱ ከሦስቱ አንዱ ነው፦ አየሩ አንሷል፣ ጎማው ተላጭቷል፣ ወይም የተሰካበት ስባሪ ሳይነቀል ቆይቷል። ሦስተኛውን የሚያስበው ሰው ጥቂት ነው። የጠርሙስ ስባሪ ብዙ ጊዜ እንደረገጣችሁት ወዲያው አይበሳም። መጀመሪያ ጎማው ላይ ይሰካል። ከዚያ ጎማው በዞረ ቁጥር ትንሽ ትንሽ ወደ ውስጥ ይገባል። ሰኞ ሜክሲኮ ላይ የረገጣችሁት ብርጭቆ ሐሙስ አራት ኪሎ ላይ መንገድ ዳር ሊያስቆማችሁ ይችላል።

ስለዚህ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት አንድ ልማድ ያዙ። ቤት ስትገቡ ሁለቱንም ጎማ ቀስ ብላችሁ አዙሩና እዩ። የሚያብረቀርቅ ወይም የተሰነጠቀ ነገር ካለ በመርፌ ጫፍ ነቅላችሁ አውጡ። ሁለት ደቂቃ ቢፈጅ ነው። ውድ ጎማ ገዝቶ ይህን ከማያደርግ ሰው ይልቅ፣ መካከለኛ ጎማ ይዞ በየቀኑ የሚያይ ሰው ሰላም ይከርማል። ከታች ያለውን ሁሉ ብትረሱ እንኳ ይህችን አትርሱ።

አዲስ አበባ መንገድ ላይ ጎማ የሚበሳው ምንድን ነው?

ጠርሙስ ይመራል፤ በተለይ ቅዳሜና እሁድ ጠዋት፣ መጠጥ ቤት በሚበዛባቸው መንገዶች ዳር። ቀጥሎ ሚስማር ነው። ከተማው ግንባታ ላይ ነው። የባሕር ዛፍ መወጣጫ በሚስማር ተመትቶ ይሠራል፣ ሥራው ሲያልቅ ይፈርሳል፣ የተጣመመው ሚስማር ደግሞ መሬት ላይ ይቀራል። አዲስ ሕንፃ በሚነሣበት ግቢ በር ፊት ለፊት ስታልፉ ከጠርዙ ራቅ በሉ።

ከሁሉም የሚያስቸግረው ግን ሽቦ ነው። የከባድ መኪና ጎማ ውስጡ በቀጫጭን የብረት ክሮች የተሠራ ነው። ጎማው ሲፈነዳ ወይም ሲበላ እነዚህ ክሮች እየተበጣጠሱ አስፋልቱ ላይ ይበተናሉ። ከልብስ መስፊያ መርፌ የቀጠኑ፣ ርዝመታቸው ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ የሆነ ቁርጥራጮች ናቸው። በዓይን ለማየት ይከብዳሉ። በጎማው ቆዳ ቀጥ ብለው ይገቡና ጫፋቸው ብቻ ወደ ውስጥ ብቅ ይላል። የውስጥ ጎማ ቀይራችሁ በማግስቱ እንደገና ከተነፈሰ መጀመሪያ ሽቦ ጠርጥሩ።

በ2016 ዓ.ም. ከተጀመረው የኮሪደር ልማት ጋር የተሠሩት የሳይክል መስመሮች ለስላሳ ናቸው፤ ጉድጓዱም ቀንሷል። ከመስመሩ ወጥታችሁ ወደ ኮብልስቶን ሰፈር ስትገቡ ግን ሌላ ዓይነት ጉዳት ይመጣል። ጎማው የድንጋይ ጠርዝ ላይ ሲያርፍ የውስጥ ጎማው በድንጋዩና በቸርኬው መካከል ይቆነጠጣል። ምልክቱ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ትንንሽ ቀዳዳዎች ናቸው። ሁለት ቀዳዳ ካያችሁ ሚስማር ፍለጋ አትድከሙ፤ አየራችሁ አንሶ ነበር።

23፣ 25፣ 28 ወይስ 32 ልግዛ?

ቁጥሩ የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር ነው። 700x28 ሲል 28ቱ ስፋቱ ነው። አንዳንዱ ላይ 28-622 ተብሎ ይጻፋል። 622 ማለት ጎማው ቸርኬው ላይ የሚቀመጥበት ክብ ዲያሜትር ነው። ሱቅ ውስጥ ስትገዙ ይህን ሁለተኛውን ቁጥር እዩ፤ አያሳስትም።

ለዚህ ከተማ ምክሬ 28 ነው፤ ሳይክላችሁ ከተቀበለው 32። ሰፊ ጎማ ብዙ አየር ይይዛል። ስለዚህ በዝቅተኛ ግፊት መንዳት ትችላላችሁ፣ ቸርኬውም ድንጋይ አይመታም። «ሰፊ ጎማ ይጎትታል» የሚባለው የድሮ ወሬ ነው። በድንጋይ ንጣፍ መንገዶቹ የታወቀው የፓሪስ–ሩቤ ውድድር ላይ ባለሙያዎቹ 30ና 32 ያደርጋሉ፤ በለስላሳ አስፋልትም ቢሆን 23ን ትተው 28 ውስጥ ገብተዋል። ሸካራ መንገድ ላይ ከመጠን በላይ የጠነከረ ቀጭን ጎማ ይነጥራል፤ በነጠረ ቁጥር ፍጥነት ይባክናል።

ከመግዛታችሁ በፊት በጎማውና በፍሬኑ፣ በጎማውና በሹካው መካከል ያለውን ክፍተት ለኩ። አዲሱ ጎማ ከገባ በኋላ በሁሉም አቅጣጫ አራት ሚሊ ሜትር ያህል ክፍት ቦታ መቅረት አለበት። ብዙ የቆዩ ኮርሶች ከ25 በላይ አያስገቡም። ያኔ 25ን በጥሩ መከላከያ ያዙ።

«ኬቭላር ስላለው አይበሳም» ብለው ሸጡልኝ። እውነት ነው?

ሁለት የተለያዩ ነገሮች ስለሚምታቱ ተጠንቀቁ። ኬቭላር በ1965 እ.ኤ.አ. የተፈጠረ ጠንካራ ክር ነው። ታጥፎ የሚሸጥ ጎማ ላይ ይህ ክር ቸርኬው ውስጥ የሚገባውን ጠርዝ ለመሥራት ያገለግላል። በሽቦ ፈንታ ስለሚገባ ጎማው ቀላልና ታጣፊ ይሆናል። ከመበሳት ጋር ግን ምንም ግንኙነት የለውም። ከመበሳት የሚከላከለው ከጥርሱ፣ ማለትም መንገድ ከሚነካው የጎማው ገጽ ሥር የሚነጠፈው ንብርብር ነው። ሻጩን «ጠርዙ ነው ወይስ ከጥርሱ ሥር ያለው ንጣፍ?» ብላችሁ ጠይቁት። ካላወቀ የጎማውን ማሸጊያ አንብቡ።

ንጣፉም ዓይነቱ ብዙ ነው። የኮንቲኔንታል ግራንድ ፕሪ 5000 ቬክትራን የተባለ ስስ የክር ንጣፍ አለው፤ ሲነዱት ደስ ይላል፣ ክብደቱም 250 ግራም ገደማ ነው። የዚያው ኩባንያ ጌተርስኪን ከጥርሱ ሥርም ጎኑ ላይም ተጨማሪ ጨርቅ ስላለው ጎኑን የሚቆርጥ ነገር ይቋቋማል። የሽዋልቤ ማራቶን ፕላስ ደግሞ 5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የላስቲክ ንጣፍ አለው፣ ክብደቱ ግን ከ700 ግራም ይበልጣል። ከስድስት ኪሎ ወደ ሽሮ ሜዳ ስትወጡ ያ ክብደት እግራችሁ ላይ ይሰማል። ለዕለት ተዕለት ወደ ሥራ ጉዞ ጌተርስኪንን የመሰለ መሀከለኛ ጎማ ይበቃል። ማራቶን ፕላስ ጭነት ለሚይዝና ቀኑን ሙሉ ለሚነዳ ሰው ይሻላል። ከናካቴው የማይበሳ ባለ አየር ጎማ ግን የለም።

ጎማው ላይ ያለው የክር ቁጥር ከፍ ካለ ይጠነክራል?

አይደለም፤ እንዲያውም ብዙ ጊዜ ተቃራኒው ነው። «ቲፒአይ» የሚባለው በአንድ ኢንች ውስጥ ያለው የክር ብዛት ነው። ብዛቱ ሲጨምር ክሩ ይቀጥናል። ጎማው ይለሰልሳል፣ ይመቻል፣ ጎኑ ግን ይሳሳል። 60 ላይ ያለ ጎማ ሻካራ ቢመስልም ጎኑ ቻይ ነው። ደግሞ ቁጥሩን ሁሉም ኩባንያ በአንድ ዓይነት መንገድ አይቆጥርም። ኮንቲኔንታል 180 ሲል ሦስት ንብርብር ባለ 60 ደምሮ ነው።

ስንት አየር ልሙላ?

ጎማው ጎን ላይ የተጻፈው ከፍተኛው ጣሪያ እንጂ የሚመከረው መጠን አይደለም። ክብደታችሁ 70 ኪሎ አካባቢ ከሆነ ከዚህ ጀምሩ፦ 25 ጎማ ላይ ለኋላ ከ85 እስከ 90 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ ነው)፣ 28 ላይ ከ75 እስከ 80፣ 32 ላይ ከ60 እስከ 65። ለፊቱ 5 ያህል ቀንሱ። ከዚያ በላይ ወይም በታች የምትመዝኑ ከሆነ፣ ወይም ቦርሳ የምትጭኑ ከሆነ፣ ትንሽ ትንሽ እያስተካከላችሁ የሚስማማችሁን አግኙ።

«ድንጋይ እስኪሆን ከነፋሁት አይበሳም» የሚል እምነት አለ። ትክክል አይደለም። በጣም የጠነከረ ጎማ ስለት ላይ ሲወጣ አይታጠፍም፤ ስለዚህ በቀላሉ ይቆረጣል። ያነሰው ደግሞ ይቆነጠጣል። በተጨማሪ የውስጥ ጎማ ባይበሳም አየር በራሱ ያልፈዋል። በሳምንት አንድ ጊዜ በመለኪያ እዩት። በአውራ ጣት መጫን አያስተማምንም፤ 60ና 80 በጣት አንድ ዓይነት ናቸው።

ሰፈር ያለ ጎሚስታ ጋር ማስነፋት እችላለሁ?

ትችላላችሁ፤ ሁለት ነገር ግን አስቡ። አንደኛ ቫልቮላው። ብዙ ኮርስ ሳይክል ቀጭኑ፣ ጫፉ የሚፈታው ቫልቮላ ነው ያለው፤ የጎሚስታው ቱቦ ደግሞ ለመኪና ነው። በመካከል የምትገባ ትንሽ የናስ መለወጫ አለች። አንድ ገዝታችሁ ቁልፋችሁ ላይ አንጠልጥሏት።

ሁለተኛ፣ የጎሚስታው አየር ለመኪና የተዘጋጀ ነው። የሳይክል ጎማ ውስጡ ጠባብ ስለሆነ በሰኮንዶች ከመጠን ያልፋል። ልጁን «በትንሽ በትንሽ» በሉት፤ በየመሀሉ ለኩ። ጎማ ሲፈታም በብረት መፍቻ እንዳይፈነቅል ንገሩት። የመኪና ጎማ ያንን ይችላል። የናንተን የውስጥ ጎማ ግን ይበሳዋል፣ ቸርኬውንም ይጭረዋል። የራሳችሁን የፕላስቲክ መፈንቀያ ይዛችሁ ብትሄዱ ይመረጣል።

የከተማው ከፍታ በጎማ ላይ ለውጥ ያመጣል?

በመጠኑ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር አካባቢ ላይ ስለሆነች አየሩ ስስ ነው። በእጅ ፓምፕ ስትነፉ ተመሳሳይ ግፊት ለማግኘት ባሕር ዳርቻ ላይ ካለ ሰው በሲሶ ያህል የበለጠ መግፋት አለባችሁ። ፓምፑ ተበላሸ ብላችሁ አትጣሉት። ወደ አዳማ ስትወርዱስ? መለኪያው የሚያሳየው ልዩነት አንድ ፒኤስአይ ገደማ ነው፤ አትጨነቁ።

ትልቁ ጉዳይ ፀሐዩ ነው። ከፍታ ላይ የፀሐይ ጨረር ይበረታል፣ ላስቲክንም ያደርቃል። ቀኑን ሙሉ በረንዳ ላይ ፀሐይ የሚመታው ሳይክል ጎማው ሳይነዳ ይሰነጣጠቃል። ሱቅ መስኮት ላይ ተሰቅሎ የከረመ «አዲስ» ጎማም እንደዚያው ነው። ከመግዛታችሁ በፊት ጎኑን አጥፋችሁ እዩ። ስንጥቅ ካለ ቢረክስም ይቅርባችሁ።

አንድ ጎማ ስንት ኪሎ ሜትር ይሄዳል?

እንደ ጎማው፣ እንደ ክብደታችሁና እንደ ፍሬን አያያዛችሁ ይለያያል። በግርድፉ፣ ቀለል ያለ የውድድር ጎማ ከኋላ ሆኖ ከ3,000 እስከ 5,000 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ጠንካራው የዚያን እጥፍ ሊደርስ ይችላል። ደርሶ መልስ 15 ኪሎ ሜትር፣ በሳምንት አምስት ቀን የምትነዱ ከሆነ በዓመት ወደ 4,000 ትጠጋላችሁ።

ከኪሎ ሜትሩ ይልቅ ጎማውን ጠይቁት። መሀሉ ጠፍጣፋ ከሆነ እያለቀ ነው። አንዳንድ ጎማ ላይ መሀል ለመሀል ሁለት ትንንሽ ጉድጓዶች አሉ፤ እነሱ ሲጠፉ ጊዜው ደርሷል። ክር ከታየ ወይም ጎኑ ላይ እብጠት ከወጣ በዚያ ጎማ አንድ ቀን እንኳ አትንዱ። ሌላው ምልክት ይህ ነው፦ ለወራት ሰላም የነበረ ጎማ በአንድ ወር ሁለት ሦስት ጊዜ መበሳት ከጀመረ ቆዳው ሳስቷል ማለት ነው። የፍሬን ላስቲኩንም እዩ። ከቸርኬው ወጥቶ የጎማውን ጎን የሚነካ ከሆነ ቀስ በቀስ ይበላዋል።

የኋላው ሲያልቅ የፊቱን ከኋላ፣ የኋላውን ከፊት ልቀያይር?

በፍጹም! የኋላው ጎማ ክብደቱንም የእግራችሁንም ጉልበት ስለሚሸከም ቀድሞ ያልቃል። ያለቀውን ከፊት ማድረግ ግን አደገኛ ነው። የኋላ ጎማ ቢፈነዳ ሳይክሉ ይንገዳገዳል፣ ትቆማላችሁ። የፊቱ ቢፈነዳ መሪው ከእጃችሁ ይወጣል። በቸርችል ጎዳና ቁልቁለት ወይም ከእንጦጦ ስትወርዱ ያ ቢሆን ምን እንደሚከተል መናገር አያስፈልግም።

ትክክለኛው መንገድ ይህ ነው፦ ያለቀውን የኋላ ጎማ ጣሉ፣ የፊቱን ወደ ኋላ አምጡ፣ አዲሱን ከፊት አድርጉ። ገንዘብ ስለሚያጥር ያገለገለ ጎማ የሚገዛ ሰው አለ፤ እረዳለሁ። እሱንም ቢሆን ከኋላ ብቻ።

ክረምት ላይ ለምን ይብስበታል?

ውሃ ብርጭቆው በላስቲክ ውስጥ በቀላሉ እንዲንሸራተት ያደርጋል፤ ደረቅ ላይ የማይቆርጠው ስባሪ እርጥብ ላይ ይቆርጣል። ጎርፉ ደግሞ የመንገዱን ቆሻሻ ሁሉ ጠርጎ እናንተ የምትነዱበት ጠርዝ ላይ ያከማቸዋል። ጉድጓዱም በውሃ ስለሚሸፈን አይታይም። ኩሬ ውስጥ አትግቡ፣ ከጠርዙ ትንሽ ገባ ብላችሁ ንዱ፣ አየሩን 5 ፒኤስአይ ያህል ቀንሱ። በነሐሴ ያንን የምሽት ጎማ ማየት አታቋርጡ።

የውስጥ ጎማ ልለጥፍ ወይስ ልቀይር?

መንገድ ላይ ቀይሩ፣ ቤት ስትገቡ ለጥፉ። በትክክል የተለጠፈ የውስጥ ጎማ እንደ አዲስ ይሠራል። ቀዳዳውን ዙሪያውን በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጉ፣ ማስቲሹን ስስ አድርጋችሁ ቀቡ፣ ከዚያ ጠብቁ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ማስቲሹ እርጥብ እያለ ልጣፊውን ከደፋችሁበት በሁለተኛው ቀን ይነሳል። አምስት ደቂቃ ያህል ይድረቅ፣ ከዚያ አጥብቃችሁ ተጫኑት። ቫልቮላው ሥር የተቀደደ ግን አይለጠፍም።

የጎማው ቆዳ ራሱ ቢቆረጥስ?

ቁርጡ ከ3 ሚሊ ሜትር ካነሰና ክሩ ካልተቆረጠ ተዉት፤ ስባሪውን ብቻ አውጡ። ከዚያ ከበለጠ ከውስጥ መደገፊያ ያስፈልገዋል። ካልደገፋችሁት የውስጥ ጎማው በቁርጡ በኩል ይወጣና ይፈነዳል። ከአሮጌ ቀጭን ጎማ ጎን የተቆረጠ የሁለት ጣት ስፋት ቁራጭ ጥሩ መደገፊያ ነው። ከኮርቻው ሥር ባለች ቦርሳ አንድ ያዙ። ከሌለ ባዶ የጥርስ ሳሙና ቱቦ ቁራጭ ወይም የታጠፈ የብር ኖት ቤት ያደርሳል። ጎኑ የተቆረጠ ጎማ ግን ቢደገፍም ዕድሜው አልቋል። ቀይሩት።

አሮጌ የውስጥ ጎማ ሰንጥቆ በጎማውና በአዲሱ የውስጥ ጎማ መሀል ማንጠፍ ይጠቅማል?

የሰፈር ዘዴ ነው፤ ይሠራልም። አጭር ሽቦንና ትንሽ ብርጭቆን ያቆማል። ጎማው ግን ይከብዳል፣ የተሰነጠቀው ጠርዝም አዲሱን የውስጥ ጎማ እያሸ ሊያሳሳው ይችላል። ለ32 እሺ። ለ25 ቦታው ስለሚጠብ አልመክርም።

ቱብለስ ባደርግስ?

ቱብለስ የውስጥ ጎማ የለውም፤ ውስጡ ቀዳዳ የሚደፍን ፈሳሽ ይገባል። ትንሽ ቀዳዳ ሲፈጠር ፈሳሹ ወጥቶ ይደፍነዋል። ለሽቦና ለደቃቅ ብርጭቆ ጥሩ መፍትሔ ነው፤ የሚቆነጠጥ ነገር ስለሌለም የኮብልስቶኑ ችግር ይቀንሳል። ግን ቸርኬውም ጎማውም ለዚሁ የተሠሩ መሆን አለባቸው። ፈሳሹ በየሁለት እስከ አራት ወሩ ይጨመራል፤ ደረቅ አየር ላይ ፈጥኖ ይደርቃል። ሲደርቅ መከላከያችሁ እንደሌለ የምታውቁት ከተበሳ በኋላ ነው። ፈሳሹን ያለማቋረጥ የምታገኙበት መንገድ ካላችሁ ግቡበት። ከሌላችሁ ጥሩ ጎማና ሁለት የውስጥ ጎማ መለዋወጫ ይሻላችኋል። የቸርኬው ጠርዝ ጎማውን የሚይዝ መንጠቆ የሌለው ዓይነት ከሆነ ከ5 ባር፣ ማለትም ከ72 ፒኤስአይ በላይ አትንፉ፤ ጎማው ሊወጣ ይችላል።

ቀይሬም ለጥፌም እዚያው ቦታ ይበሳል። ምን ላድርግ?

የውስጥ ጎማውን ስታወጡ ቫልቮላው የት እንደነበር ምልክት አድርጉ። ጎማ ስትገጥሙ የኩባንያውን ስም ቫልቮላው ፊት ለፊት የማድረግ ልማድ ካላችሁ ይህ ቀላል ነው። ትንሽ ነፍታችሁ ሳፋ ውሃ ውስጥ ንከሩትና አረፋ የሚወጣበትን ፈልጉ። ከዚያ የውስጥ ጎማውን ከጎማው ጎን አስተኝታችሁ ቀዳዳው ከየትኛው ቦታ ጋር እንደሚገጥም እዩ።

ቀዳዳው በውጭ በኩል ከሆነ በዚያ ቦታ ሽቦ አለ። ጣታችሁን አትላኩ፤ ይወጋችኋል። ጥጥ ጠቅልላችሁ የጎማውን ውስጥ ቀስ ብላችሁ በሁለቱም አቅጣጫ ጥረጉ። ጥጡ የተያዘበት ቦታ ላይ ቁሙ፣ ጎማውን ወደ ውጭ ገልብጡት፣ ሽቦውን በወረንጦ ሳቡት። ቀዳዳው በውስጥ በኩል፣ ማለትም ወደ ቸርኬው የሚያየው ገጽ ላይ ከሆነ ጎማችሁ ጥፋት የለበትም። የቸርኬውን ሽቦዎች ጫፍ የሚሸፍነው ቴፕ ተንሸራትቷል ወይም ተቀዷል። ቴፑን ካልቀየራችሁ የፈለገውን ያህል ውድ ጎማ ብትገዙ እዚያው ቦታ መበሳቱን ይቀጥላል።